ማስተካከያ፦ 1894 የፈረንጅ ነው

ባለፈው ሳምንት ስለ ኢትዮጵያ ቴሌ ታሪክ በጻፍኩት ጽሑፍ ሁለት ስህተት ሠርቻለሁ። አንድ የኮምቦልቻ መምህር ደውለው አሳዩኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።

መጀመሪያ፣ በአጼ ምኒልክ ዘመን ቴሌ የተጀመረው በ1894 ዓ.ም ብዬ ነበር። ያ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ 1886 ወይም 1887 ይሆናል። ሞባይል የገባበት 1999ም እንዲሁ የፈረንጅ ነው፣ በእኛ 1991። 1999 ዓ.ም ማለት እኮ የሚሌኒየሙ ዋዜማ ነው! ያኔ ደሴ ፒያሳ ላይ ሞባይል የያዘ ሰው ብርቅ አልነበረም።

ሁለተኛው ይብሳል። የመጀመሪያው መስመር በወሎ አለፈ ብያለሁ። አላለፈም። 477 ኪሎ ሜትሩ መስመር የተዘረጋው ከሐረር አዲስ አበባ ነው። የአገሬ ፍቅር አሳስቶኛል፣ ይቅርታ። ጽሑፉን ለተማሪዎች ያነበባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ይህንንም አንብቡላቸው።