የመቅደላው ባሮን

ለንደን ካለው ኤምባሲያችን ወጥቶ በሃይድ ፓርክ ጥግ ወደ ምዕራብ ጥቂት ደቂቃ የተራመደ ሰው፣ ኩዊንስ ጌት ላይ ፈረስ የተቀመጠ የነሐስ ሐውልት ያገኛል፤ መቅደላ ላይ በአፄ ቴዎድሮስ የዘመተው የእንግሊዝ ጄኔራል፣ ሮበርት ናፒየር ነው። ፊት ዋተርሉ ፕሌስ ነበር የቆመው፤ ለንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ሐውልት ቦታ ሲፈለግ ነው ወደዚህ የተዛወረው። ማዕረጉ «ባሮን ናፒየር ኦፍ ማግዳላ» ነው፤ የእኛን አምባ ስም ይዞ ነው ሎርድ የሆነው። ፓስፖርት ሊያሳድስ ሄዶ ቆም ብሎ የሚያየው ሐበሻ ግን አላጋጠመኝም። ፈረንጆቹም ቢሆኑ አያዩትም።

አገር ቤት ናፒየር ለእኛ የአንድ ቀን ሰው ነው፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ሲጠጡ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ለእሱ ግን መቅደላ አንዱ የሹመት እርከን ነበር። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1810 ኮሎምቦ ተወልዶ፣ በመሐንዲስ መኮንንነት ሕንድ ውስጥ መንገድና ቦይ ሲሠራ ኖሯል፤ ከሲኮች ጋር ተዋግቷል፤ በ1860 ቻይና ዘምቷል። እኛ ጋ የመጣው በ57 ዓመቱ ነው። ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወደብና ባቡር ሐዲድ ዘርግቶ፣ 44 ዝሆን አስከትሎ የወጣው ያ ሁሉ ተራራ የመሐንዲስ ሥራ ነው። መንገዱን የከፈተለት ደግሞ በቴዎድሮስ የተቀየመው መኳንንት ነው፤ ኋላ አፄ ዮሐንስ ለሆኑት ለትግራዩ ካሳ፣ ለውለታቸው መድፍና ጠመንጃ ትቶላቸው ሄዷል። ይህቺን እኛ በሩጫ ነው የምናልፋት።

ከዚያ ሕንድ ላይ የጦር አዛዥ፣ ከ1876 ጀምሮ የጂብራልታር ገዥ፣ በ1883 ፊልድ ማርሻል። ወደ እንግሊዝ የተወሰደው የቴዎድሮስ ልጅ፣ ልዑል ዓለማየሁ፣ በ1879 ሊድስ ላይ በ18 ዓመቱ ሲያርፍ ናፒየር ጂብራልታርን ይገዛ ነበር። በ1890 ሲሞት ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀበረ።

አንድ ነገር ግን ልመስክርለት። ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን በ1871 ለፓርላማ እንደተናገሩት፣ ከመቅደላ የተወሰዱት የወርቅ ዘውድና ጽዋ የእንግሊዝ ቅርስ ተብለው እንዳይቆጠሩ፣ ወደ አገራቸው እስኪመለሱም በአደራ እንዲቀመጡ የመከረው ራሱ ናፒየር ነበር። ዘውዱና ጽዋው ዛሬ ያሉት ከሐውልቱ ብዙም በማይርቀው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. «በረጅም ጊዜ ውሰት እንስጣችሁ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የገዛ ጄኔራላቸው «መልሱ» ያለውን ዕቃ ለባለቤቱ ማዋስ!