ሽመልስ በቀለን «ትልቅ ክለብ አልደረሰም» ለሚሉ

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ካይሮ ውስጥ ለሽንፈቱ ሰበብ አልጠፋም፤ ሞሐመድ ሳላህም አልተሰለፈም ነበር። ካፍ የሚቀበለው ስታዲየም ስላልነበረን «የሜዳችን» ጨዋታ የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። ዳዋ ሆቴሳ አንድ አገባ፤ ሁለተኛውን አማካዩ ሽመልስ በቀለ ጨመረ፤ ሁለቱም ከእረፍት በፊት። ብዙም ሳይቆይ የፈርኦኖቹ አሰልጣኝ ኢሃብ ጋላል ተሰናበተ። ሽመልስ ጎሉን ያስቆጠረው ለዓመታት እንጀራ በበላበት አገር ቡድን ላይ ነው።

ይሁንና ስሙ በተነሳ ቁጥር አንድ ነገር አይቀርም፦ «ልጁ ጎበዝ ነው፤ ግን ትልቅ ክለብ አልደረሰም።» አጥቂያችን ሳላዲን ሰዒድ ለአል አህሊ ሲፈርም አገር አወቀለት። ሽመልስ ግን ከሀዋሳ ከተማና ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተነስቶ፣ ሊቢያንና ሱዳንን ረግጦ ግብፅ ሲገባ ያረፈው ፔትሮጄት ነው። ከዚያ ምስር ለልማቃሳ፣ ኤል ጎውና፣ ኢንፒ። ሁለቱ የግብፅ ታላላቅ ክለቦች፣ አል አህሊም ዛማሌክም፣ የሉበትም።

እነዚህ ክለቦች ምን ዓይነት እንደሆኑ ካላወቅን ሰውየው ምን እንደሠራ አይገባንም። ፔትሮጄትና ኢንፒ የነዳጅ ዘርፍ ኩባንያዎች ክለቦች ናቸው። ማቃሳን ያቋቋመው የአክሲዮን ግብይት ሒሳብ የሚያጣራ ድርጅት ነው። ኤል ጎውና ደግሞ ቀይ ባሕር ዳር ያለች የቱሪስት ከተማ ክለብ ነው። ገንዘቡ አላቸው፣ ደጋፊው ግን የለም። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ በ2012 ፖርት ሰኢድ ላይ ከ70 በላይ ሰው ካለቀ በኋላ የግብፅ ሊግ ለዓመታት አብዛኛውን ጨዋታ ያካሄደው በዝግ ስታዲየም ነበር። ሽመልስ ፔትሮጄት የደረሰው በዚያ ዘመን ነው። ጥሩ ኳስ ሲያቀብል የሚያጨበጭብለት፣ ሲሳሳት የሚያፏጭበት አልነበረም፤ የሚሰማው የአሰልጣኞቹ ጩኸት ብቻ ነው።

እኛ ዘንድ የሚደርሰው ደግሞ የስፖርት ገጾች የሚጽፏት አንድ መስመር ነበረች፦ ሽመልስ 90 ደቂቃ ተጫወተ፣ ቡድኑ አቻ ወጣ። አጥቂ ቢሆን ጎሉ ይቆጠርለት ነበር። አማካይ ግን ኳስ ከመቀበሉ በፊት ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ ማየቱ፣ ተጋጣሚ ሳይደርስበት በአንድ ንክኪ መልቀቁ በየትኛው መስመር ይጻፋል? (ቀጥታ ስርጭት እንኳ ቢኖር ካሜራው የሚከተለው ኳሷን ነው።)

ለኔ ትልቁ ማስረጃ ግን ሌላ ነው። የግብፅ ክለቦች የውጭ ተጫዋች ኮታቸው ውስን ነው፤ ያቺን ቦታ ለማግኘት ናይጄሪያዊውም ጋናዊውም ይሻማል። አሰልጣኝ ደግሞ እንደ ሸሚዝ ይቀያየራል። አዲስ የመጣው ሁሉ የራሱን ሰው ይፈልጋል። በዚህ መሃል አንድ ክለብ ሲለቅህ ሌላው እዚያው ሊግ ውስጥ የሚቀበልህ ቀድመህ ስትጫወትበት ስላየህ ነው። ወዳጅ ዘመድ የሌለው የውጭ ዜጋ ለዓመታት በዝምድና ሊቆይ አይችልም። ከ31 ዓመት በኋላ በተመለስንበት የእ.ኤ.አ 2013 የአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ላይ የነበረው ልጅ፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ካሜሩን ላይም በብሔራዊ ቡድኑ ውስጥ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ስንት አሰልጣኝ መጣ፣ ሄደ።

ክለብ መቀያየርማ የኛ ሊግ ተጫዋችም ይቀያይራል። በየክረምቱ ግማሹ ቡድን ይለቃል፣ ግማሹ ይገባል። ግን ተጫዋቹ የሚንቀሳቀሰው የተሻለ አሰልጣኝ ወይም የተሻለ የጨዋታ ዘይቤ ፍለጋ ሲሆን ብዙም አናይም፤ ወሬው ሁሉ ስለ ፊርማ ገንዘብ ነው። በ2011 ዓ.ም ክረምት የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ሲወሰን ነገሩ ይረጋጋል ተብሎ ነበር። ኳስ ተመልካች ሁሉ ያወራ የነበረው ግን ጣሪያው በጓዳ ስለመታለፉ ነው። አብዛኛው ክለብ ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመንግሥት ተቋም በጀት የሚቆረጥለት በመሆኑ፣ ሥራ አስኪያጁ ተጫዋች ሸጦ ማትረፍን አያስብም፤ የሚያስበው ዘንድሮ ላለመውረድ ነው። ስለዚህ ውሉ አጭር ነው። የ20 ዓመት አማካይ ሦስት ዓመት በአንድ አሰልጣኝ ሥር ሠርቶ ሳይበስል ሦስት ማሊያ ይለብሳል።

እንዲህ ያደገ ልጅ ካይሮ ሄዶ በስድስት ወር ቢመለስ «ዲሲፕሊን የለውም» እንላለን። የክለብ አመራሮቻችን የአምስት ዓመት የዝውውር መዝገባቸውን ይፋ ያድርጉና ስንት አማካይ ከሁለት ዓመት በላይ አቆይተው፣ ስንቱን ደግሞ በገንዘብ ለውጭ ክለብ እንደሸጡ ይንገሩን። ሽመልስ ለምን ትልቅ ክለብ እንዳልደረሰ ከዚያ በኋላ እንከራከራለን።