ውልህ መቼ ያልቃል?

በመዝናኛ መርከብ ላይ የሚሠራ ሙዚቀኛ፣ ተወዛዋዥ ወይም ምትሃተኛ አዲስ ባልደረባ ሲመጣበት ስሙን አይጠይቀውም። «ውልህ መቼ ያልቃል?» ነው የሚለው። እንግዳው ሻንጣውን ገና በጠባቡ ኮሪደር እየጎተተ ነው እኮ! መልሱ «በሚቀጥለው ሳምንት» ከሆነ ጠያቂው ፈገግ ብሎ ወደ ሳህኑ ይመለሳል። «አምስት ወር ይቀረኛል» ከሆነ ግን ወንበር ይሳባል፣ ቡና ይመጣል፣ የእናት ጤና ይጠየቃል። ሰው እንደ ታሸገ ወተት የሚያበቃበት ቀን እየታየ ይመረጣል።

የሒሳቡ ምንጭ አይጠፋኝም። በጥር ተነሥቶ ዓለምን የሚዞር መርከብ ከ100 ቀን በላይ ይጓዛል፤ ያን ሁሉ ጊዜ የሚበላው ከእነዚያው ሰዎች ጋር ነው። የትልቁ ትርኢት ዘፋኞችና ተወዛዋዦች አብረው ተለማምደው፣ አብረው ተሳፍረው፣ አብረው ይወርዳሉ። የባንዱ ሰዎች ግን አንድ በአንድ ነው የሚቀያየሩት። ከበሮ መቺውን ተሰናብተህ ሳትጨርስ ቤዝ ጊታሪስቱ ሻንጣውን ይሸክፋል። ነባሩ ጠዋት ይወርዳል፤ ተተኪው እኩለ ቀን ላይ ይገባል፣ የደኅንነት ገለጻ ይሰማል፣ ዩኒፎርሙን ፈርሞ ይወስዳል፣ ማታ አይቶት የማያውቀውን ኖታ ይጫወታል። ወዳጅነት ይጀመር ቢባል በየትኛው ሰዓት?

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የምትለዋን ተረት እወዳታለሁ። የተረቷ ባለቤት ግን ከውኃ በታች ባለ መስኮት አልባ ካቢን ያደሩ ሰው አይመስሉኝም። ለሁለት ሰው አንድ ክፍል፣ አንዱ አልጋ ከሌላው በላይ ነው። ቀድሞ የገባ የታችኛውን ይይዛል፤ ክርክር የለውም። መጋረጃ ከተዘጋ ሰውየው የለም ማለት ነው፣ ሲያስነጥስ ቢሰማም አይጠራም። ፒያኖ ተጫዋቹ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይመጣል፣ ቢንጎ የሚያጫውተው በጠዋት ይነሣል፤ ስለዚህ ልብስ ከማታው ተዘጋጅቶ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይለበሳል። ድምፅ ማሟሟቅ ሰው በሌለበት ቲያትር እንጂ በካቢን አይደረግም። ይህን የማይጠብቅ ድምፃዊ አጠገብ ያደረ ሰው የሩቅ ዘመዱን መናፈቁ አይቀርም።

ጎረቤት ካልን አይቀር፣ እንግዳ ኮከብ የሚባለውን ሳላነሣ አላልፍም። ለሳምንት ይሳፈራል፣ በመንገደኛ ክፍል ያድራል፣ 45 ደቂቃ ያህል ተጫውቶ ቀሪውን ቀን ፀሐይ ይሞቃል። ከባንዱ ጋር የሚለማመደው አንድ ጊዜ፣ ያውም በትርኢቱ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ኖታው የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ነው፤ የሁለተኛው ትራምፔት ሦስተኛ ገጽ የለም፤ «እዚህ ጋ ሁለት ጊዜ ድገሙ» የሚለው በቃል ይነገራል። የቀድሞ መርከብ ሙዚቀኞች በእርሳስ የጻፉት ደግሞ «አትድገም» ይላል። ማታ ከድምፃዊው ግማሽ ባንዱ ሲቀድም፣ ጥፋቱ የባንዱ ይሆናል። ከዚያ ሰውየው እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ «ቤተሰቦቼ!» ይላል። የአንዳቸውንም ስም አያውቅም! ይሄ ያበግነኛል። ስም መያዝ ካቃተው «ባንዱ» ቢል ምን አለበት? ባለ ሒሳቡ ጠያቂ ከዚህ በስንት ጣዕሙ፤ እሱ ቢያንስ የሰው ፊት አይቶ ይጠይቃል።

የመርከብ ወዳጅነት የሚፈተነው በወደብ ነው። መርከቡ ሲቆም ሠራተኛው ሁሉ መውረድ አይችልም፤ አደጋ ቢነሣ የሚበቃ ሰው መቅረት አለበት፣ ለዚህም ተራ ይወጣል። ተራ መለዋወጥ የሚቻለው ተመሳሳይ የአደጋ ጊዜ ኃላፊነት ካለው ሰው ጋር ነው፤ ዘፋኝ ስለሆነ ዘፋኝን ይተካል ማለት አይደለም። አለቃ አስቀድሞ ማጽደቅ አለበት። በ«ግድ የለም፣ እኔ አለሁልህ» ብቻ ተማምኖ የወረደ ሲመለስ ማስጠንቀቂያ ይጠብቀዋል። ውብ የባሕር ዳርቻ ባለበት ቀን ቀርቶልህ አንተን የሚያስወርድህ ወዳጅህ ነው። በዝናብ ቀን ልቅርልህ የሚልህ ግን ነጋዴ ነው።

ይህ ሁሉ ተራና የአደጋ ጊዜ ልምምድ ለዘፋኝ ምን ያደርጋል የሚል ሹም አይጠፋም። በ1991 በፈረንጆች አቆጣጠር ኦሺያኖስ የምትባል የግሪክ መርከብ በደቡብ አፍሪካ የባሕር ጠረፍ ስትሰምጥ፣ ካፒቴኑ ብዙ መንገደኛ ገና ሳይወጣ በሄሊኮፕተር ሄዷል። ጊታሪስቱ ሞስ ሂልስና ሌሎች የመድረክ ሰዎች ናቸው በሬዲዮ እርዳታ የጠሩት፣ ሰዉን ወደ ጀልባና ወደ ሄሊኮፕተር ያሳፈሩት። 571ዱም ሰው ተርፏል። ያን ሌሊት ውልህ መቼ ያልቃል ብሎ የጠየቀ ያለ አይመስለኝም፤ የሁሉም በአንድ ላይ አልቋል።

ለማንኛውም፣ ጥያቄው ያስመረረው ሰው ቀን አይናገር፣ ወደብ ይናገር። «ባርሴሎና እወርዳለሁ» ይበቃል። መርከቧ በጋውን ሙሉ በየሳምንቱ ባርሴሎና የምትቆም ከሆነ ጠያቂው ወንበር ይሳብ አይሳብ ግራ ይገባዋል። ዘዴው የሚሠራው ግን የወራጆች ዝርዝር እስኪለጠፍ ድረስ ብቻ ነው።