ቀለበቱ የእሱ፣ ሽንፈቱ የቡድኑ

እኔ የምቀናው በሀብታም አይደለም። የምቀናው በኢላይ ማኒንግ ጉዳይ በሚከራከሩ ሰዎች ነው። ሰውዬው ጫማ ከሰቀለ ስንት ዓመቱ! እነሱ ግን ትናንት ማታ የተጫወተ ይመስል አሁንም ትኩስ ናቸው። ጽናት ብሎ ዝም ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ኢላይ ከ2004 እስከ 2019 (ሁሉም በፈረንጆቹ ነው) ኒው ዮርክ ጃይንትስ የሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ኳርተርባክ ነበር። ኳርተርባክ ማለት ኳሷን ተቀብሎ ለማን እንደምትደርስ የሚወስነው ሰው ነው። ጥያቄው ደግሞ ኦሃዮ ውስጥ ካንተን የምትባል ከተማ ያለው የዝነኞች አዳራሽ ይግባ አይግባ ነው። እዚያ የገባ ወርቃማ ኮት ይለብሳል፣ ጭንቅላቱ በነሐስ ይቀረጽለታል። ለማለፍ ከመራጮቹ 80 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። የኢላይ ስም በ2025 ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረበ፣ አላለፈም። መራጮቹ በራቸውን ዘግተው ነው የሚወያዩት።

የኔዎቹ መራጮች በር አይዘጉም። ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡና ቤቷ ውስጥ መስኮቱ ስር ያለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። አንደኛው ብዙ ዓመት ኒው ዮርክ ታክሲ ነድተው የመጡ ናቸው፤ ጋሼ ጃይንትስ እንበላቸው። ሌላኛው የዋሽንግተን ቡድን ደጋፊ፣ ጋሼ ዋሽንግተን ናቸው። ዋሽንግተንና ጃይንትስ በየዓመቱ ሁለቴ ስለሚገናኙ ቂማቸው አይደርቅም።

ጋሼ ጃይንትስ ሶፍት ላይ ሒሳብ ሲሠሩ ማየት ነው! በትልቁ 2 ብለው ይጽፋሉ። ሁለት ሱፐር ቦል (የዓመቱ የፍጻሜ ጨዋታ ነው፣ ያሸነፈ ቀለበት ያደርጋል)፣ ሁለቱንም ጊዜ ፓትሪዮትስን አሸንፎ፣ ሁለቱንም ጊዜ የጨዋታው ኮከብ ተብሎ። ከዚያ ያከብቡታል።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኢላይ!» ራሳቸው ይመልሳሉ።

«እሺ ጋሼ፣ በመደበኛው ውድድር 117 አሸንፎ 117 ተሸንፏል። ሽንፈቱስ የማን ነው?» ስላቸው ሶፍቷን ገለበጧት።

«እሱማ የእነዚያ ከፊቱ ቆመው የሚጋርዱለት ዝሆኖች ነው። የአሠልጣኙም ነው። ፉትቦል እኮ የቡድን ጨዋታ ነው አንተ ልጅ!»

እንዲህ ነው እንጂ ብስለት! እናቴ ትዝ አለችኝ። ሒሳብ 90 ሳመጣ «ወደ እኔ ወጥቶ ነው» ትል ነበር። 40 ሳመጣ ካርዱን ለአባቴ ታቀብለውና «እየው ልጅህን» ትለዋለች። በሕይወቷ አንድ የአሜሪካ ፉትቦል አላየችም፣ ግን ካንተን ብትወስዷት ምርጥ መራጭ ይወጣታል።

ጋሼ ዋሽንግተን ደግሞ ያችኑ ሚዛን ይወስዱና ይገለብጧታል። 244 ጊዜ ኳሷን ለተቃራኒ ቡድን ወርውሯል፤ በ2013 ብቻ 27 ጊዜ። ይሄ የማን ጥፋት ነው? «እጁ የማን ነው?» ይላሉ በኩራት። ሁለቱ ዋንጫዎችስ? ኸረ እነሱማ የተከላካዮቹ ናቸው። የስትራሃን ናቸው። የተክ ናቸው። የዚያ ልጅ የራስ ቁር ናቸው።

የራስ ቁሩ ነገር ለብቻው መወራት አለበት። የካቲት 2008፣ አሪዞና፣ የኢላይ የመጀመሪያ ሱፐር ቦል። ፓትሪዮትስ 18 ተጫውተው 18 አሸንፈው መጥተዋል፣ ያን ቀንም 14 ለ 10 እየመሩ ነው። 1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ቀርቷል። ኢላይ ኳሷን እንደያዘ እነዚያ ግዙፎች ማሊያውን ከኋላ ጨምድደው ይዘውታል፣ አለቀለት ስትል በሆነ ተአምር ሾልኮ ይወጣና ወደ መሀል ወደ ላይ ይለቃታል። ዴቪድ ታይሪ ይዘላል፣ ተከላካዩ እጁን እየጎተተው ኳሷን በመዳፉ ከራስ ቁሩ ጋር አጣብቆ ይወድቃል። 32 ያርድ። ሊያልቅ 35 ሰከንድ ሲቀረው ፕላክሲኮ በረስ ታችዳውን (የፉትቦል ጎል በሉት) አገባ፣ 17 ለ 14።

ይህን ቪዲዮ ሁለቱ ጋሼዎች በአንድ ስልክ ነው የሚያዩት። ጋሼ ጃይንትስ ኳሷ ከኢላይ እጅ ስትወጣ በአመልካች ጣታቸው ጠቅ አድርገው ያቆሙታል። «አየህ ማምለጡን!» ጋሼ ዋሽንግተን ስልኩን ይቀበሉና ልክ ከዚያች ቦታ ያስቀጥሉታል። «አየህ አያያዙን!» አንድ ቪዲዮ ለሁለት ተካፍለው። ዳታም ይቆጥባል።

እኔ ሞኙ አንድ ቀን ሌላ ሰው ላመሳክር አልኩ። የድሮው ኳርተርባክ ጆ ናማዝ 173 ታችዳውን ወርውሮ፣ 220 ኳስ ለተቃራኒ ቡድን አስረክቦ፣ በ1985 አዳራሹ ገብቷል። ጋሼ ጃይንትስ ፊታቸው በራ። ጋሼ ዋሽንግተን «ያ ዘመን ሌላ ነው» አሉ። እሺ፣ ጂም ፕላንኬት ደግሞ ሁለት ሱፐር ቦል አሸንፎ፣ በመደበኛው ውድድር ልክ እንደ ኢላይ እኩል በእኩል፣ 72 ለ 72 ሆኖ ጨርሶ እስካሁን ደጅ ነው ያለው። አሁን የጋሼ ዋሽንግተን ፊት በራ። ጋሼ ጃይንትስ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ያ ዘመን ሌላ ነው።» አንድ ዓረፍተ ነገር ለሁለቱም አገለገለች። ቁጠባ ከተባለ አይቀር እንዲህ ነው።

ደግሞ ታማኝነታቸው! ጋሼ ጃይንትስ ለስንት ዓመት «ይሄን ልጅ ቤንች ያድርጉት፣ ደም ብዛቴን አመጣው» ሲሉ ኖረዋል። በ2017 አሠልጣኙ ሰምቷቸው ይመስል ቤንች አደረገው፣ በተከታታይ 210 ጨዋታ የጀመረውን ሰውዬ። ጋሼ ያን ቀን ማኪያቷቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። «ጀግና እንዲህ ይዋረዳል?» አሠልጣኙ በሳምንቱ ተባረረ። አሁን የድሮውን ሳነሳባቸው «እኔ? መቼ ወጣኝ?» ይላሉ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ማንም አልጠየቀኝም እንጂ፣ ሰውዬው በጥሎ ማለፍ ያሸነፈው 8 ጨዋታ ነው፤ 8ቱም በእነዚያ ዋንጫ ባነሳባቸው ሁለት ዓመታት። በሌሎቹ አራት ጊዜያት ገና በመጀመሪያው ጨዋታ ተሰናብቷል። እኔ ለእነዚያ ሁለት ዓመታት ስል አስገባው ነበር፣ ግን ትንሽ ተሰልፎ። ይህን ስል ሁለቱም እኩል ተቆጡኝ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የተስማሙበት ብቸኛ ቀን ነው።

ግን ለራሱ ለኢላይ ትልቅ ምስጋና ይገባዋል። በታኅሣሥ 2019 ለመጨረሻ ጊዜ ሲገባ ድልና ሽንፈቱ 116 ለ 117 ነበር። ዝም ብሎ ቢሸነፍ ጋሼ ዋሽንግተን አሸናፊ ሆነው ጨዋታው ያበቃ ነበር። እሱ ግን ሦስት ኳስ ለማያሚ አስረክቦ፣ ማያሚን 36 ለ 20 አሸንፎ፣ ሚዛኗን ልክ መሀል ላይ አስቁሞ ሄደ። ለተከራካሪ እንዲህ የሚያስብ ስፖርተኛ ከየት ይገኛል?

ባለፈው ቅዳሜ ጭቅጭቁ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ደረሰ። ስድስት ማኪያቶ፣ አራት ሳምቡሳ፣ አንድ ፉል። አስተናጋጇ ሒሳቡን አምጥታ መሀል ላይ አስቀመጠችው። ሐበሻ በሒሳብ የሚጣላው «እኔ ልክፈል» ብሎ ነው፣ እኔም እሱን እየጠበቅኩ ነበር። ጋሼ ጃይንትስ ወረቀቷን አዩ። ጋሼ ዋሽንግተንም አዩ። ከዚያ ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«የቡድን ጨዋታ ነው እኮ» አሉኝ።