ማስተካከያ፦ ማሃ ሺቫራትሪ በቴሉጉ አቆጣጠር የሚውለው በማጋ ወር ነው

በደቡብ ሕንድ ስለሚኖሩት የቴሉጉ ቋንቋ ተናጋሪ ሂንዱዎች በዓላትና አጽዋማት ቀደም ሲል ባቀረብሁት ጽሑፍ፣ ሺቫ ለተባለው የሂንዱ አምላክ በጾምና ሌሊቱን በመትጋት የሚከበረው ማሃ ሺቫራትሪ በፋልጉና ወር እንደሚውል ገልጬ ነበር፤ ይህ ስሕተት ነው። በቴሉጉ ቋንቋ በየዓመቱ የሚታተሙት የፓንቻንጋም (የዘመን መቁጠሪያ) መጻሕፍት እንደሚያሳዩት፣ ዕለቱ የሚውለው ከፋልጉና በሚቀድመው በማጋ ወር፣ ጨረቃ በምትጎድልበት አጋማሽ በ14ኛው ቀን ነው።

ዕለቱን በፋልጉና ወር የሚያስቀምጠው የሰሜን ሕንድ አቆጣጠር ነው። በሰሜን ወሩ የሚያበቃው ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ሲሆን፣ የቴሉጉ ተናጋሪዎች ግዛቶች በሆኑት በአንድራ ፕራዴሽና በቴላንጋና ግን ጨረቃ ፈጽማ ስትጠፋ ነው፤ ስለዚህ የመጉደያው አጋማሽ፣ ዕለቱ አንድ ሆኖ ሳለ፣ በሁለቱ አቆጣጠሮች የተለያየ የወር ስም ይይዛል። በመሙያው አጋማሽ የወሩ ስም ስለማይለያይ፣ ኒም የተባለው መራራ ዛፍ አበባ፣ ጥሬ ማንጎና ተምር ሂንዲ ተቀላቅለው ስለሚቀመሱበት የቴሉጉ አዲስ ዓመት፣ ስለ ኡጋዲ፣ የጻፍሁት እንዳለ ይጸናል፤ እርሱ በሁለቱም አቆጣጠሮች የቻይትራ ወር ነው።

የስሕተቱ ውጤት ቀላል አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2025 ማሃ ሺቫራትሪ የዋለው ፌብሩዋሪ 26 ሲሆን፣ ጽሑፌን አምኖ በቴሉጉው ፋልጉና የፈለገ ሰው ግን ማርች ማለቂያ ላይ፣ ኡጋዲ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ይደርሳል። ቀኑን ጾሞ፣ ሌሊቱን በአንድራ ፕራዴሽ በሚገኘው በሽሪሳይላም የሺቫ መቅደስ ሳይተኛ፣ ቢልቫ የተባለውን ዛፍ ቅጠል ለሺቫ ለሚያቀርብ ምእመን፣ ያ ማለት ጾሙ አንድ ወር ያህል አለፈው ማለት ነው። ለዚህም አንባቢያንን ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።