ገንዘቡን የተቀበለው ሌላ፣ ስድቡን የሚቀበለው ሌላ

ጎንደር ውስጥ ፔስ 2021 የተባለውን የእግር ኳስ ጨዋታ በላፕቶፑ የሚጫወት ወጣት ብዙ ነው። እንደወጣ ሳይነካካው የሚጫወተው ግን ጥቂት ነው። አዲስ ማልያ ይፈለጋል፣ የዘንድሮ ዝውውር ይፈለጋል፣ አዲስ ስታዲየም ይፈለጋል። የፔስ አምራች ኮናሚ የጨዋታውን ስም ቀይሮ ወደ ኢፉትቦል ከዞረ ወዲህ የቆየውን ጨዋታ በሕይወት ያቆዩት በየአገሩ ያሉ ሞደሮች፣ ማለትም ለጨዋታው የራሳቸውን ጭማሪ (ሞድ) የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። የእኛ ፕሪሚየር ሊግ ደግሞ መጀመሪያውኑም እዚያ ውስጥ አልነበረም። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ዋንጫ ቢያነሳም፣ ዐፄዎቹን በጨዋታው ማየት ያማረው ልጅ ማልያቸውን ራሱ ሠርቶ ማስገባት አለበት።

ይህን የሚያስችሉት በነጻ የሚሰጡ መሣሪያዎች ናቸው። ለፔስ የታወቀው ሳይደር ነው። የጨዋታውን ዋና ፋይሎች ሳይነካ፣ አዲሱን ማልያ ወይም ሜዳ ከሌላ ፎልደር አንስቶ ለጨዋታው ያቀብላል። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን የሚሠሩት አብዛኞቹ ሰዎች ቀን የእንጀራ ሥራቸውን ሲሠሩ ውለው ማታ ኮድ የሚጽፉ ናቸው። ብዙ ጊዜ መሣሪያው ገና እየተሞከረ ያለ ቤታ ነው፤ ይህም በግልጽ ተጽፎበታል።

ታዲያ ስክሪኑ ጠቁሮ ጨዋታው ሲዘጋ ለሠሪው የሚደርሰው መልእክት ምን ይላል? «አይሰራም።» ከዚያ «ከፍለን ነው የጫንነው፣ አስተካክሉልን።» መልስ ሲዘገይ ደግሞ ስድብ ይከተላል።

«ከፍለን» የምትለዋን ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም፣ ምክንያቱም ልጁ አልዋሸም። ከፍሏል። የከፈለው ግን ፓቹን፣ ማለትም አዲስ ነገር የያዘውን የጭማሪ ፋይል፣ ለጫነለት ባለ ሱቅ ነው። ባለ ሱቁ ፋይሉን ከጓደኛው በፍላሽ አገኘ፣ ጓደኛው ከሌላ ከተማ አመጣው። ሠሪው ሰባራ ሳንቲም አላየም። የጫነው ሰው ለድካሙ ማስከፈሉ ነውር የለውም፤ ጊዜውን፣ መብራቱን፣ የሱቅ ኪራዩን አውጥቷል። ችግሩ ገንዘቡና ሥራው መለያየታቸው ነው። ደንበኛው ዕቃ የገዛ ይመስለዋል፣ ስለዚህ ዋስትና ይጠብቃል። የሚጠብቀው ግን ካልሸጠለት ሰው ነው።

ይህን ስል የተጠቃሚውን ብሶት እያጣጣልኩ አይደለም። እኛ ዘንድ «ነጻ» የሚባል ነገር ብዙ ያስወጣል። ትልቅ ፓች በሞባይል ዳታ ማውረድ ለተማሪ ከባድ ወጪ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ለብዙ ሰው ዋናው የፋይል መንገድ ፍላሽ ሆኖ ነበር። በፍላሽ የሚዞር ፋይል ደግሞ ይዞት የመጣውን ማብራሪያ መንገድ ላይ ይጥላል። «ይህ ቤታ ነው፣ መጀመሪያ ሴቭህን (የተቀመጠ ጨዋታህን) ኮፒ አድርግ» የሚለው ጽሑፍ ሠሪው ጋ ቀርቶ፣ ጎንደር የሚደርሰው ፎልደሩ ብቻ ነው። ልጁ ያላነበበው ስላልደረሰው ነው።

ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ጥፋት አለባቸው። ጂሜይል እ.ኤ.አ. በ2004 ወጥቶ እስከ 2009 ድረስ «ቤታ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሚሊዮኖች ዋና ኢሜይላቸው አድርገው ተጠቅመውበታል። ይህን የለመደ ሰው ማስጠንቀቂያውን እንደ ጌጥ ቢቆጥረው አይገርምም። አንድ ሰው ብቻውን በሠራው መሣሪያ ላይ ሲጻፍ ግን የምር ነው።

መሣሪያው ትናንት ሠርቶ ዛሬ እምቢ የሚለው ለምንድን ነው? ስካይሪም በተባለው ሌላ ጨዋታ የሆነውን እንይ። ኤስኬኤስኢ የሚባለው ነጻ መሣሪያ ከጨዋታው ዋና ፕሮግራም ጋር ተጣብቆ ይሠራል፤ የትኛው ነገር ሜሞሪ ውስጥ የት እንዳለ ማወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2021 የጨዋታው ባለቤት ቤተስዳ ጨዋታውን ሲያድስ ያ አድራሻ ሁሉ ተቀያየረ። በመሣሪያው ላይ የቆሙ ብዙ ሞዶች በአንድ ቀን መሥራት አቆሙ። ሠሪዎቹ ያበላሹት ነገር የለም። ሆኖም እንደገና ፈልገው የማግኘቱ ሥራ የወደቀው በእነሱ ላይ ነው። የእኛ አገር ተጠቃሚ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያልተገዛ፣ የተሰበረ ኮፒ ነው የያዘው። ሠሪው የሞከረው በሌላ፣ ልጁ የጫነው በሌላ። ያልተነካ ግልግል ያውቃል እንዲሉ፣ ከሩቅ ሆኖ «በአንድ ቀን ይስተካከላል» ማለት ይቀላል።

ዋጋ ሲቆረጥለት ነገሩ ይለወጣል፤ መለወጡም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2015 ጨዋታዎችን በኢንተርኔት የሚሸጠው ቫልቭና ቤተስዳ የስካይሪም ሞዶችን በገንዘብ መሸጥ ጀምረው፣ ተቃውሞው ስለበረታ ሳምንት ሳይሞላ ተዉት። የሸጠ ሰው ይጠየቃል። በነጻ የሰጠም ቢሆን ከሁሉም ነገር ነጻ ነው አልልም። ስለ ሥራው እውነቱን ሊነግረን ይገባል። ሴቭ የሚያጠፋ ከሆነ አስቀድሞ ይናገር፤ ሥራውን ሲተው «ትቼዋለሁ» ይበል፤ ቫይረስ አይሸጉጥበት። ከዚህ ያለፈው ሁሉ ልግስና ነው፣ በልግስና ላይ ደግሞ ቀጠሮ አይቆረጥም።

ከእኛስ? ገንዘብ ካልከፈልን የምንከፍለው መረጃ ነው። ደቦ የጠራ ሰው ጠላውን እንደሚጠምቀው፣ እኛም የድርሻችንን ይዘን መቅረብ አለብን። «አይሰራም» ለሠሪው ምንም አይነግረውም። እንዲህ ያለው መልእክት ግን ይነግረዋል፦ «ፔስ 2021፣ ዊንዶውስ 10። የመሣሪያው ቨርዥን ይኸውና። ትናንት ይሠራ ነበር። ዛሬ አዲስ የስታዲየም ፓች ጨመርኩ፤ ጨዋታው የሚዘጋው ግጥሚያ ሲጀመር ነው። ፓቹን ሳወጣው ይሠራል። የሎግ ፋይሉን አያይዣለሁ።» ይህን ለመጻፍ ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም። ሳይደር በፎልደሩ ውስጥ ሲሠራ የሆነውን የሚመዘግብበት የሎግ ፋይል አለው፤ በኖትፓድ ይከፈታል። ሠሪው በዚህ መልእክት ሥራውን ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

ካውንተር ስትራይክ የተባለው የተኩስ ጨዋታ እንዲህ ነው ያደገው። እ.ኤ.አ. በ1999 የቫልቭ ጨዋታ የሆነው የሃፍ ላይፍ ሞድ ሆኖ በነጻ በቤታ ወጣ። ቤታ በቤታ ላይ እየተለቀቀ ተጫዋቾቹ ሞከሩት፣ ጉድለቱን ተናገሩ። በ2000 ቫልቭ ሥራውን ከነሠሪዎቹ ወሰደው።

እዚህ ከተማ ይህን ለመጀመር ትልቅ ነገር አይጠይቅም። ፓች የሚጭን ባለ ሱቅ የመሣሪያውን ስም፣ ቨርዥኑንና የወጣበትን ገጽ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ለደንበኛው ይስጥ። ሲበላሽ ደንበኛው መጀመሪያ ወደ እሱ ይመለስ፤ ክፍያ የተቀበለው እሱ ነውና። አብዛኛው ብልሽት የፎልደር ወይም የቨርዥን ስህተት ስለሆነ እዚያው ያልቃል። ካላለቀ ሎጉ ይላክ። እንግሊዝኛው ካስቸገረ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርማቲክስ ተማሪዎች አሉ፤ አብዛኞቹም ያው ተጫዋቾች ናቸው። አንድ በደንብ የተጻፈ የብልሽት ሪፖርት ከዚህ ከተማ ቢደርሰው፣ ሠሪው በሚቀጥለው ቤታ እኛ የያዝነውንም ላፕቶፕ ያስብልናል።