መፋቂያውማ ነበር፣ አዲስ የመጣው ስኳሩ ነው
«የገጠር ሰው ጥርሱ የሚበላሸው ብሩሽ ስለሌለው ነው» የሚለው አልተዋጠልኝም። ያደግሁት ደንበጫ አካባቢ ነው። አያቴ ጠዋት በልምጭ ወይም በወይራ መፋቂያ ጥርሷን ሳትፍቅ ቡና አትቀምስም ነበር፤ ጥርሷን ይዛ አረጀች። አሁን ግን በየሱቁ ከረሜላና ለስላሳ ሞልቷል፣ ሻዩም ሦስት ማንኪያ ስኳር ይገባበታል። አፍ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ስኳሩን ወደ አሲድ ይቀይረዋል፤ ጥርስ የሚቦረቡረው እሱ ነው። ከላይ በሰጠሽው አስተያየት «የወተት ጥርስ እንደሆነ ይወልቃል፣ ምን ያስጨንቃል» ያልሽው እህቴ፣ እባክሽ እንዲህ አትበይ! የኔ ልጅ በ5 ዓመቷ መንጋጋዋ ተቦርቡሮ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አድራለች። የወተት መንጋጋ እኮ እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ ያገለግላል። መፋቂያውን አልነቅፍም፤ ማታ ከመኝታ በፊት ግን ፍሎራይድ (ጥርስን ከመቦርቦር የሚከላከል ማዕድን) ያለው የጥርስ ሳሙና ጨምሩበት።